«ቅጂው ሌላ ቦታም አለ» ሲሏችሁ፦ ዳታ ሴንተር ሲቃጠል ምን ይተርፋል?

መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. እዚህ አገር ሕዝቡ ለደመራ ሲሰባሰብ፣ በደቡብ ኮሪያዋ ዴጆን ከተማ መሽቶ ነበር። በከተማዋ በሚገኘው የመንግሥት ዳታ ሴንተር 5ኛ ፎቅ ላይ ሠራተኞች የሊቲየም ባትሪዎችን ወደ ምድር ቤት የማዛወር ሥራ ላይ ናቸው። ባትሪዎቹ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሮቹ እንዳይቆሙ የሚይዙ ናቸው። የሚዛወሩትም ከሰርቨሮቹ አጠገብ መቀመጣቸው ለእሳት አደጋ ያጋልጣል ተብሎ ነበር። በዚያው ሥራ መሃል እሳት ተነሳ። 384 ባትሪዎች ነደዱ፤ እሳቱን ጨርሶ ለማጥፋት 22 ሰዓት ገደማ ፈጀ።

ውጤቱ፦ 709 የመንግሥት ሲስተሞች ቆሙ። የሞባይል መታወቂያ፣ የፖስታ ቤት የገንዘብ አገልግሎት፣ የመንግሥት ኢሜይል ሁሉ ቆመ። ከሳምንት በኋላ እንኳ ወደ ሥራ የተመለሱት ከአምስት አንድ ገደማ ብቻ ነበሩ።

ከሁሉ የከፋው ግን ጂ-ድራይቭ የሚባለው ነው። ይህ ለመንግሥት ሠራተኞች የተዘጋጀ የፋይል ማስቀመጫ ነው፤ ጎግል ድራይቭን አስቡ፣ የመንግሥት ሲሆን። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 30 ጊጋባይት ቦታ ተሰጥቶታል። የሰው ኃይል አስተዳደር ሚኒስቴሩማ የሥራ ሰነዱን በሙሉ የሚያስቀምጠው እዚያ ላይ ነበር። በድምሩ 858 ቴራባይት ዳታ። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም፤ ተቃጥሎ ቀረ። የተሰጠው ምክንያት «መጠኑ በጣም ትልቅ ስለሆነ ውጭ ባክአፕ ማድረግ አልተቻለም» የሚል ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ይሄ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ.፣ በዚያው አገር የካካኦ ኩባንያ ሰርቨሮች የነበሩበት ሌላ ዳታ ሴንተር በባትሪ እሳት ተመቶ ኮሪያውያን የሚጻጻፉበት ካካኦቶክ ተቋርጦ ነበር። አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ 127 ሰዓት ተኩል ወሰደ። ያኔ የመንግሥቱ ዳታ ሴንተር ኃላፊዎች ተጠይቀው ሲመልሱ፣ የዴጆኑ ማዕከል ሙሉ በሙሉ ቢወድም እንኳ በ3 ሰዓት ውስጥ መመለስ እንችላለን ብለው ነበር።

ይህን ሁሉ የምናነሳው ኮሪያን ለማማት አይደለም። እኛም አገር ደሞዙ በባንክ፣ ክፍያው በቴሌብር፣ መታወቂያው በፋይዳ እየሆነ ነው። መዝገብ ቤት ሄዶ «ፋይሌን ፈልጉልኝ» ማለት እየቀረ ነው። ታዲያ የሁላችንም ፋይል ያለበት ክፍል ቢቃጠል፣ ጎርፍ ቢገባው፣ ወይም አንድ ሰው በስህተት ቢያጠፋውስ? ባለሙያ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ሪፕሊኬሽን አለን፣ ዳታው ሌላ ቦታም አለ» የሚል ነው። መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ከኋላው ቢያንስ አራት አምስት ጥያቄ አለ፤ ዛሬ እነሱን እናያለን።

ሪፕሊኬሽን ምንድን ነው?

በባንክ ወይም በትልቅ መሥሪያ ቤት ዳታ የሚቀመጠው በአንድ ኮምፒውተር ዲስክ ላይ አይደለም። በርካታ ዲስኮችን በአንድ ላይ የያዘ፣ ቁም ሳጥን የሚያህል ማሽን አለ፤ በሙያው ቋንቋ ስቶሬጅ ይሉታል። ውስጡ ያለ አንድ ዲስክ ቢበላሽ ችግር የለም፣ የጎደለውን ከሌሎቹ ያሟላል። ሕንፃው ሲቃጠል ግን ቁም ሳጥኑ አብሮ ይነዳል። ስለዚህ ሁለተኛ ስቶሬጅ ሌላ ቦታ ይተከላል፤ የመጀመሪያው ላይ የሚጻፈው ሁሉ በፋይበር መስመር እየተላከ እዚያም ይጻፋል። ሪፕሊኬሽን ማለት ይሄው ነው። አዲስ ነገርም አይደለም፤ ኢኤምሲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤስአርዲኤፍ የሚባለውን ሲስተም ለገበያ ያቀረበው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው።

አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። ለመረዳት የእቁብ ጸሐፊን አስቡ። ደብተሩ አዲስ አበባ ነው፣ ሁለተኛ ደብተር ደግሞ አዳማ ካለች ሌላ ጸሐፊ ጋር አለ።

በመጀመሪያው ዓይነት፣ እቁብተኛው ገንዘቡን ሲሰጥ ጸሐፊው ደብተሩ ላይ ይጽፍና አዳማ ይደውላል። «ጻፍሽው?» «ጻፍኩት።» ከዚያ በኋላ ነው ደረሰኝ የሚሰጠው። ሲንክሮነስ ይባላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ የአዲስ አበባው ደብተር በዚያች ደቂቃ ቢቃጠል፣ ደረሰኝ የተሰጠበት አንድም ብር አዳማ ሳይመዘገብ አይቀርም።

በሁለተኛው ዓይነት፣ ጸሐፊው ጽፎ ደረሰኙን ወዲያው ይሰጣል። ከዚያ በየአምስት ደቂቃው አዲስ የጻፋቸውን መስመሮች ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ወደ አዳማ ይልካል። ይሄ አሲንክሮነስ ነው። ሥራው ይፈጥናል፣ ወረፋ የለም። ግን እሳቱ በአራተኛው ደቂቃ ላይ ቢነሳ፣ የአራት ደቂቃ ገንዘብ የሰጡ ሰዎች ደረሰኝ በእጃቸው ይዘው ደብተሩ ላይ ግን የሉም።

እዚህ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይመጣሉ። ባለሙያዎች አርፒኦ እና አርቲኦ ይሏቸዋል። አርፒኦ ማለት አደጋ ሲደርስ የስንት ደቂቃ ወይም ሰዓት ዳታ ብናጣ እንችለዋለን ማለት ነው። አርቲኦ ደግሞ ስንት ሰዓት ብንቆም እንችላለን የሚለው ነው። እንበልና አንድ ባንክ በሰከንድ 200 የገንዘብ እንቅስቃሴ ያስተናግዳል። የ5 ደቂቃ አርፒኦ ማለት 60,000 እንቅስቃሴ ነው። ወረቀት ላይ «5 ደቂቃ» ትንሽ ትመስላለች፤ 60,000 ሰው «ልኬያለሁ፣ አልደረሰም» ብሎ ሲደውል ግን ሌላ ነገር ነው።

ታዲያ ሁሉም ሲንክሮነስ ለምን አይሆንም?

ምክንያቱ ብርሃን ነው። በፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይሄ ፈጣን ይመስላል። አዲስ አበባ–አዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው እንበል፤ ደርሶ መልሱ 1 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። አዲስ አበባ–ድሬዳዋ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልሱ ብቻውን ከ5 ሚሊ ሰከንድ ያልፋል፣ በመሃል ያሉት መሣሪያዎች የሚወስዱትን ሳንቆጥር። የዛሬ ስቶሬጅ አንድ ነገር ጽፎ ለመጨረስ ከ1 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው የሚፈጅበት። ስለዚህ ድሬዳዋን በሲንክሮነስ ብታገናኙ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ ከአምስት እጥፍ በላይ ይዘገያል ማለት ነው። አንድ የባንክ ዝውውር ደግሞ አንድ ጽሑፍ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው የማይጀምር ብዙ ጽሑፍ አለው። ይሄን የሚፈታ ገንዘብ የለም፤ ፈጣን መስመር መግዛት ይቻላል፣ ፈጣን ብርሃን ግን አይሸጥም። በተግባር ሲንክሮነስ የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም በማይርቁ ቦታዎች መሃል ነው።

እና ችግሩ እዚህ ይጀምራል። ቅርብ ሲሆን አንድ አደጋ ሁለቱንም ሊመታ ይችላል።

በመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ የኦቪኤች ኩባንያ ዳታ ሴንተር ተቃጠለ። ባለ አምስት ፎቁ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ፣ አጠገቡ ያለው ሌላ ሕንፃም በከፊል ተጎዳ። የኩባንያው መሥራች ኦክታቭ ክላባ በትዊተር ለደንበኞቹ ያስተላለፈው መልእክት አጭር ነበር፦ የአደጋ ጊዜ እቅዳችሁን ጀምሩ። ግን እቅድ ያልነበራቸው ብዙ ነበሩ። ባክአፕ አለን ያሉ አንዳንዶቹም ባክአፑ የነበረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ አዳማ ለአዲስ አበባ ምቹ ርቀት ላይ ናት። ግን ሁለቱም ከስምጥ ሸለቆው ጋር የተያያዙ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ነው። አዳማ ደግሞ ለቦታው ትቀርባለች። ይህ ማለት አዳማ ላይ አታስቀምጡ ማለት አይደለም፤ አዳማ ብቻ አይበቃም ማለት ነው። አቅም ያላቸው ተቋማት ሦስት ቦታ የሚይዙት ለዚህ ነው፦ አንድ ዋና፣ አንድ ቅርብ በሲንክሮነስ፣ አንድ ሩቅ በአሲንክሮነስ። ዋጋው ግን ቀልድ አይደለም። ስቶሬጁ በዶላር ነው፣ ፈቃዱ በዶላር ነው፣ ሦስተኛው ቦታም ጄኔሬተር፣ ማቀዝቀዣና ሰው ይፈልጋል።

መስመሩ ሲቆረጥስ?

ይሄ ጥያቄ ለእኛ አገር ከእሳቱ ይበልጥ ይቀርባል። ኤክስካቫተር መንገድ ሲቆፍር ፋይበር ይበጥሳል፤ ይሄ የታወቀ ነው።

ሲንክሮነስ ላይ ከሆናችሁና መስመሩ ቢበጠስ፣ ጸሐፊው አዳማ ደውሎ ስልክ አልነሳ ሲል ሁለት ምርጫ አለው። ወይ «አዳማ ሳይጻፍ ደረሰኝ አልሰጥም» ብሎ እቁቡን ያቆማል። ወይ «ግድ የለም፣ እኔ ልጻፍ፣ አዳማ በኋላ ትደርስበታለች» ብሎ ይቀጥላል። ብዙ ተቋም ሁለተኛውን ይመርጣል፣ ምክንያቱም በእያንዳንዱ የመስመር መቆረጥ ባንክ ሊዘጋ አይችልም። ይሄ ያስኬዳል። ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ «አንድም ዳታ አናጣም» የሚለው ቃል ተሰርዟል። መስመሩ ለስድስት ሰዓት ከተቆረጠ ሁለተኛው ደብተር የስድስት ሰዓት ኋላ ነው። እና አደጋዎች ደግሞ አብረው መምጣት ይወዳሉ፤ መስመሩን የቆረጠው ጎርፍ ሕንፃውንም ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ የሚጠየቀው «ሲንክሮነስ ነው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ሲቋረጥ ምን ያደርጋል፣ ማንስ ያውቃል?» የሚለው ነው።

አንድ ሌላ ነገር ብዙ ሰው አይጠረጥርም፦ ቅደም ተከተል። የባንክ ዳታቤዝ ገንዘብ ሲያዛውር መጀመሪያ ማስታወሻ ደብተር ላይ «እንዲህ ላደርግ ነው» ብሎ ይጽፋል፣ ከዚያ ነው ሂሳቡን የሚቀይረው። ማስታወሻው አንድ ዲስክ ላይ፣ ሂሳቡ ሌላ ዲስክ ላይ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በየራሳቸው መንገድ ወደ ሁለተኛው ቦታ ቢላኩና የሂሳቡ ለውጥ ቀድሞ ደርሶ ማስታወሻው መንገድ ላይ ቢጠፋ፣ እዚያ ያለው ቅጂ የትላንትም የዛሬም ያልሆነ፣ ዳታቤዙ ሊከፍተው የማይችል ነገር ይሆናል። ዳታው አለ፤ ግን አይጠቅምም። ለዚህ ሲባል አብረው መሄድ ያለባቸው ዲስኮች በአንድ ቡድን ታስረው፣ እንደተጻፉበት ቅደም ተከተል እንዲደርሱ ይደረጋል። ሲስተሙን የሚተክለው ሰው አዲስ ዲስክ ጨምሮ ቡድኑ ውስጥ ማስገባት ቢረሳ፣ አደጋ እስኪደርስ ድረስ ማንም ላያውቅ ይችላል። ሁሉም መብራት አረንጓዴ ነው።

ስለ መጠንም አንድ ሂሳብ እንሥራ። 100 ቴራባይት ዳታ በ1 ጊጋቢት መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ለመላክ፣ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ለዚህ ቢለቀቅ እንኳ ከ9 ቀን በላይ ይፈጃል። ለዚህ ነው አንዳንዶች ሁለተኛውን ስቶሬጅ መጀመሪያ ከዋናው አጠገብ አድርገው፣ ዳታውን ሞልተው፣ ከዚያ በመኪና ጭነው የሚወስዱት። የኮሪያው 858 ቴራባይትስ? በ10 ጊጋቢት መስመር 8 ቀን ገደማ ነው። ስምንት ቀን! አንዴ ከተላከ በኋላ የሚላከው የተቀየረው ብቻ ነው። እኔ በበኩሌ «በጣም ትልቅ ነው» የሚለውን ምክንያት የማልቀበለው ለዚህ ነው። ውድ ነው ቢሉ ይገባኛል፤ ለዓመታት ግን የማይቻል አልነበረም።

መቀየሪያውን ማን ይጫን?

እስካሁን ያወራነው ዳታው ሁለት ቦታ ስለመኖሩ ነው። አሁን ደግሞ ዋናው ቦታ ሞተ እንበል። ሥራውን ወደ ሁለተኛው ማዞር ፌይልኦቨር ይባላል። ሲያዩት አንድ ቁልፍ መጫን ይመስላል። ከሁሉም ከባዱ ግን ይሄ ነው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፦ ዋናው በእርግጥ ሞቷል ወይስ ስልኩ ነው የተቆረጠው?

የጊትሃብን ታሪክ እንይ። የዓለም ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድርጅት ነው። በጥቅምት 21 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ በነበረ የኔትወርክ ጥገና ምክንያት ዋናው ዳታ ሴንተር ለ43 ሰከንድ ግንኙነቱ ተቋረጠ። ልብ በሉ፣ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ግን ይህን የሚከታተለው ሶፍትዌር ምሥራቁ ሞቷል ብሎ ደመደመና ምዕራብ ዳርቻ ያለውን ዳታቤዝ ዋና አድርጎ ሾመ። መስመሩ ተመለሰ። አሁን ምሥራቅ ላይ ወደ ምዕራብ ያልደረሱ የጥቂት ሰከንዶች ጽሑፎች አሉ፤ ምዕራብ ላይ ደግሞ ከዚያ በኋላ የተጻፉ፣ ምሥራቅ የማያውቃቸው ወደ 40 ደቂቃ የሚጠጋ ጽሑፎች አሉ። ሁለት ደብተር፣ ሁለቱም እውነት፣ ሁለቱም ጎዶሎ። በሙያው ስፕሊት ብሬይን ይሉታል። የጊትሃብ መሐንዲሶች ከመፍጠን ይልቅ የሰው ዳታ እንዳይጠፋ መረጡ። የ43 ሰከንዱ መቋረጥ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ የተጓደለ አገልግሎት አስከተለ።

ይህን ለመከላከል የሚደረገው ሦስተኛ ቦታ ላይ ምስክር ማስቀመጥ ነው። ዳታ የማይይዝ፣ ሁለቱንም የሚያይ ትንሽ ማሽን። አዳማ «አዲስ አበባ አይመልስልኝም» ስትል፣ ምስክሩ «እኔም አላየሁትም» ካለ ብቻ ሥራው ይዞራል። ምስክሩ ግን ከሁለቱ በአንዱ ሕንፃ ውስጥ ወይም በዚያው በአንድ መስመር ላይ ከተቀመጠ ጥቅም የለውም፤ ከተከሳሹ ጋር አንድ ቤት የሚኖር ምስክር ነው የሚሆነው።

አንዳንድ ባንኮች ማሽን እንዲወስን አይፈቅዱም፣ ሰው ነው ውሳኔውን የሚሰጠው። ይሄም ምክንያታዊ ነው። ግን ያ ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ስልኩን የሚያነሳ፣ ሥልጣኑም ያለው መሆን አለበት። ኃላፊው ውጭ አገር ስብሰባ ላይ ሆኖ፣ ምክትሉ «ሳልጠይቅ አልችልም» ሲል ሁለት ሰዓት ያልፋል፤ እነዚያ ሁለት ሰዓቶች አርቲኦው ውስጥ ይቆጠራሉ። በዚያ ላይ ስቶሬጁ ብቻ አይደለም የሚዞረው። ሰርቨሮቹ፣ የኔትወርክ አድራሻው፣ ከኤቲኤምና ከሌሎች ባንኮች ጋር ያለው ግንኙነት፣ የይለፍ ቃሎች፣ ሁሉም መዞር አለባቸው። የይለፍ ቃሎቹ የተቀመጡት በተቃጠለው ሕንፃ ውስጥ ብቻ ከሆነ... መገመት ትችላላችሁ።

ቅጂው ስህተቱንም ይቀዳል

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሪፕሊኬሽን ታማኝ ነው፤ ችግሩም ታማኝነቱ ነው። ጸሐፊው «5,000» ብሎ መጻፍ ሲገባው «50,000» ቢጽፍ፣ አዳማም «50,000» ትጽፋለች። ገጹን ቢቀድ፣ እዚያም ይቀደዳል።

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ሂሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ ያወጡ ደንበኞች ነበሩ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ተናግሯል። ስለ ባንኩ የውስጥ አሠራር እዚህ የምንለው የለም። ግን በየትኛውም ባንክ እንዲህ ያለ ስህተት ሲፈጠር፣ ሁለተኛ ዳታ ሴንተር መኖሩ አያድንም። ዋናው የፈቀደውን ሁለተኛው አይከለክልም፤ የተሳሳተውን መዝገብ ሳያዛንፍ ይይዛል።

ይህን ከማንም በላይ በውድ የተማረው የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ ሜርስክ ነው። በሰኔ 27 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ሶፍትዌር ከዩክሬን ተነስቶ ሲዛመት ሜርስክን ሙሉ በሙሉ መታው። ኩባንያው ማን የትኛው ሲስተም ውስጥ መግባት እንደሚችል የሚመዘግቡ 150 ገደማ ሰርቨሮች በዓለም ዙሪያ ነበሩት። እርስ በርሳቸው ይገለባበጣሉ፣ እያንዳንዱ ለሌላው መጠባበቂያ ነው። አንዱ ቢጠፋ 149 አሉ፤ ማን ይሰጋል? ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ጠፉ።

አንድ ብቻ ተረፈ፤ ጋና። ለምን መሰላችሁ? ጥቃቱ ሲደርስ ጋና ቢሮ መብራት ጠፍቶ ነበር። ማሽኑ ከኔትወርኩ ተነጥሎ ስለነበር ቫይረሱ አላገኘውም። ዳታውን በኢንተርኔት ወደ እንግሊዝ ለመላክ ሲሞክሩ መስመሩ ከመቅጠኑ የተነሳ ቀናት ሊፈጅ ሆነ። የጋናው ሠራተኛ ዲስኩን ይዞ ልብረር ቢል፣ የእንግሊዝ ቪዛ ያለው ሰው አልነበረም። ስለዚህ አንዱ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፣ ኤርፖርት ላይ ለሌላ ሠራተኛ አስረከበ፣ ያኛው ወደ ለንደን ወሰደው። ኩባንያው በኋላ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ መጫኑን ሊቀመንበሩ ተናግረዋል። ኪሳራው ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል።

ሜርስክን ያዳነው እንግዲህ ሪፕሊኬሽን ሳይሆን የሪፕሊኬሽን መቋረጥ ነው። ከሌሎቹ ጋር ያልተያያዘ፣ ትንሽ የቆየ ቅጂ። ባክአፕ የሚባለው ይሄ ነው፤ ከሪፕሊኬሽን የሚለየውም በዚህ ነው። ሪፕሊኬሽን «አሁን ያለውን» ሌላ ቦታ ያስቀምጣል። ባክአፕ ደግሞ «ትላንት የነበረውን»፣ «ባለፈው ሳምንት የነበረውን» ያስቀምጣል። የዛሬ ስቶሬጆች ስናፕሾት የሚባል ነገር አላቸው፤ ዳታው በየሰዓቱ የነበረውን መልክ ይይዛሉ፣ አንዳንዶቹም አስተዳዳሪው ራሱ እንኳ ጊዜው ሳይደርስ እንዳያጠፋቸው ተደርገው ይቆለፋሉ። ራንሰምዌር የሚያሰራጩ ሰዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚፈልጉት ባክአፑን ስለሆነ፣ ቁልፉ ቅንጦት አይደለም። ከኔትወርኩ ጨርሶ የተነጠለ ቴፕም እስከ ዛሬ የሚሸጠው ለዚህ ነው።

ግን ባክአፕ አለ ማለትም ብቻውን አይበቃም። ጊትላብ የተባለው ድርጅት በጥር 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የደረሰበትን ራሱ በግልጽ ጽፎታል። ሁለተኛው ዳታቤዝ ከዋናው ኋላ ቀርቶ ስለነበር፣ አንድ መሐንዲስ ሁለተኛውን አጽድቶ እንደገና ሊያስጀምር ፈለገ። ሌሊት ነው፣ ደክሞታል። የማጥፊያ ትእዛዙን የሰጠው ግን ዋናው ላይ ነበር። በሰከንዶች ውስጥ ነቅቶ አቆመው፤ ከ300 ጊጋባይት ውስጥ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ገደማ ነበር። ከዚያ ወደ ባክአፖቹ ሄዱ። በየቀኑ ይወሰድ የነበረው ባክአፕ በሶፍትዌር ስሪት አለመጣጣም ምክንያት ለካ አይሠራም ኖሯል፤ ማስቀመጫው ባዶ ነው። «ባክአፕ አልተሳካም» የሚለው ኢሜይል ደግሞ ይላክ ነበር፣ ግን የኢሜይል ሲስተሙ እየመለሰው ማንም አላየውም። አምስት ዘዴ ነበራቸው፣ አንዱም እንደታሰበው አልሠራም። ያዳናቸው ያ መሐንዲስ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ የወሰደው ስናፕሾት ነው። የስድስት ሰዓት ሥራ ጠፋ።

ስለዚህ አንድ ተቋም «ሪፕሊኬሽን አለን» ሲላችሁ፣ ጋዜጠኛም ሁኑ የቦርድ አባል ወይም ተራ ደንበኛ፣ ልትጠይቋቸው የምትችሏቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። ሁለተኛው ቦታ የት ነው፣ ዋናውን ሊመታ የሚችል አደጋ እሱን ያገኘዋል ወይ? መስመሩ ሲቆረጥ ሥራው ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? አንድ ሰው ዛሬ ጠዋት በስህተት ወይም ሆን ብሎ ቢያጠፋ፣ የትላንቱን ከየት ታመጣላችሁ? እና በጣም አስፈላጊው፦ ደንበኞቻችሁን እያስተናገዳችሁ ሙሉ የሥራ ቀን ከሁለተኛው ቦታ የሠራችሁት መቼ ነው፣ ወደ ዋናው ስትመለሱስ ስንት ሰዓት ፈጀባችሁ? መመለሱን መጠየቅ አትርሱ። ብዙ ቦታ መሄዱ ይሞከራል፤ በሁለተኛው ቦታ የተጻፈውን አዲስ ዳታ ይዞ መመለሱ ግን አይሞከርም። ጊትሃብን ቀኑን ሙሉ ያቆየውም በአብዛኛው መመለሱ ነበር።

በዚህ ሙያ ላይ ያላችሁ፣ በተለይ በባንክና በቴሌኮም የምትሠሩ፣ የተቋማችሁን ስም ሳትጠቅሱ በኮሜንት ጻፉልን፦ እናንተ ጋ የመጨረሻው የፌይልኦቨር ልምምድ በእቅድ ነበር ወይስ መብራት ጠፍቶ?